አንዱን በር የዘጋ መርፌ ሌላውን በር ይከፍታልን?

«ክትባቱንስ ተወጋሁ፤ ዳሩ ግን ወር ሳይሞላኝ ጉንፋን ይዞ አልጋ ላይ ጣለኝ» የሚለው አቤቱታ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ አገር ከሄዱ ወጣቶች አንደበት ብዙ ጊዜ የሚሰማ ነው። ለዚህም አቤቱታ የሚሰጠው መልስ ዘወትር ከሁለት አይወጣም። አንዱ ሰው «ቀድሞስ መርፌ ማለት ይኸው አይደለም እንዴ፤ አንዱን በሽታ ሲከለክል ሌላውን ይጠራል» ብሎ ይፈርዳል። ሌላው ደግሞ «ይህ ያልተማረ ሰው ወሬ ነው» ብሎ ስቆ ያልፋል። የፊተኛው ሳይመዝን ፈረደ፤ የኋለኛውም ሳይመዝን ሳቀ። ሁለቱም «ሳያጣሩ ወሬ፥ ሳይገድሉ ጎፈሬ» የሚለውን የአባቶች ተረት ዘንግተዋል።

ነገሩ ግን ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ነው። ለኢንፍሉዌንዛ የሚሰጠው ክትባት ሰውን ለሌሎቹ የመተንፈሻ አካል በሽታዎች ያጋልጠዋልን? ወይስ በእነርሱ ላይ ምንም ሥራ የለውም? ወይስ እንዲያውም ከአንዳንዶቹ ጭምር ይጠብቀዋል? በሆንግ ኮንግ፥ በካናዳ፥ በአሜሪካና በደቡብ አፍሪካ ያሉ ሊቃውንት ይህንኑ ጥያቄ በየበኩላቸው መርምረውታል። ዛሬ ተማሪ የሆነ፥ ነገ ደግሞ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ለብዙ ሰው ጤና የሚወስን ወጣት የዚህን ምርመራ ታሪክ ቢያውቀው እንደሚጠቅመው ስለምናምን ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ እናቀርበዋለን። «ዓ.ም.» ብለን ከምንጽፍበት በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ዘበኛው የቆመው በአንድ በር ነው

በቋንቋችን አፍንጫ ያፈሰሰ፥ ጉሮሮ የከረከረና ያሳለ ሁሉ «ጉንፋን ያዘው» ይባላል። ለዕለት ንግግር ይህ ይበቃል፤ ለምርመራ ግን አይበቃም። ጉንፋን የሚባለውን የሚያመጡት ቫይረሶች እጅግ ብዙ ናቸው። ከእነርሱ ዋነኛ የሆነው ራይኖቫይረስ ብቻውን ከ100 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉት። ከዚያም በቀር አዴኖቫይረስ፥ ፓራኢንፍሉዌንዛ፥ እንዲሁም በየዓመቱ ሰውን የሚያስነጥሱ አራት ዓይነት ኮሮናቫይረሶች አሉ። ኢንፍሉዌንዛ ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ድንገት ይመጣል፤ ትኩሳቱ ብርቱ ነው፤ አጥንትና ጡንቻ ያደቅቃል፤ ሽማግሌን፥ ሕፃንን፥ ነፍሰ ጡርን፥ ልብና ሳንባቸው የደከመባቸውንም ሰዎች እስከ ሞት ያደርሳል።

ክትባቱ የተሠራው ለዚህ ለኢንፍሉዌንዛ ብቻ ነው። ቫይረሱ በየጊዜው መልኩን ስለሚለዋውጥ የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ፥ አንዴ ለሰሜኑ አንዴም ለደቡቡ የምድር ክፍል፥ በክትባቱ ውስጥ የትኞቹ ዓይነቶች እንደሚገቡ ይመክራል። በመርፌ የሚሰጠው ክትባት በውስጡ ያለው የሞተ ቫይረስ ወይም የቫይረሱ ክፍልፋይ በመሆኑ ኢንፍሉዌንዛን ሊያሲዝ አይችልም። የሰውነት መከላከያ ተሰናድቶ እስኪቆም ግን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። ክትባቱ በዚያ ዓመት ከሚዘዋወረው ቫይረስ ጋር በደኅና በተመሳሰለ ጊዜ እንኳ በኢንፍሉዌንዛ ታሞ ወደ ሐኪም የመሄድን ነገር የሚቀንሰው ከ40 እስከ 60 በመቶ ያህል ነው።

እንግዲህ ከክትባቱ በኋላ ጉንፋን የያዘው ተማሪ ክትባቱ አልከዳውም። የግቢው በሮች ብዙ ናቸው፤ ዘበኛ የቆመው ግን በአንዱ በር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ያለቀ ይመስላል፤ ሆኖም አላለቀም። በአንዱ በር ዘበኛ መቆሙ ሌቦቹን ወደ ሌሎቹ በሮች ይመልሳቸው እንደሆነ ገና አልጠየቅንምና።

የሆንግ ኮንግ ሕፃናት

ይህን ጥያቄ በግልጥ ያስነሣው በሆንግ ኮንግ የተደረገ ምርመራ ነው። የሆንግ ኮንግ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆነው ቤንጃሚን ካውሊንግና ጓደኞቹ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን 115 ልጆች ወሰዱ። በዕጣ ለይተውም ለ69ኙ የ2008ን የብርድ ወራት ክትባት፥ ለ46ቱ ደግሞ ተራ የጨው ውሃ ወጉአቸው። ማን የትኛውን እንደተወጋ ወላጆችም መርማሪዎችም እንዳያውቁ ተደረገ። ከዚያም ልጆቹን ለወራት እየተከታተሉ፥ ሲታመሙ ከአፍንጫቸውና ከጉሮሮአቸው ናሙና እየወሰዱ የትኛው ቫይረስ እንደያዛቸው በላቦራቶሪ መረመሩ።

ውጤቱ በ2012 ሲታተም ብዙ ሰው አስደነገጠ። ክትባቱን የተወጉት ልጆች፥ የጨው ውሃ ከተወጉት ይልቅ፥ ኢንፍሉዌንዛ ባልሆኑ የመተንፈሻ ቫይረሶች የመያዛቸው ነገር 4.4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ከተገኙትም ቫይረሶች የሚበዙት ራይኖቫይረስ፥ ኮክሳኪና ኤኮ የተባሉት ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቁም። ይህን ቍጥር ብቻውን ይዞ አደባባይ የወጣ ሰው «ክትባቱ አደገኛ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ከዚያው ከምርመራው ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ሌሎች ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው፥ ልጆቹ ጥቂት በመሆናቸው እውነተኛው ቍጥር ከ1.31 እስከ 14.8 ባለው መካከል የትም ሊሆን እንደሚችል ራሳቸው መርማሪዎቹ መግለጣቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት የሚያሳይ ሚዛን እቃው ከባድ መሰለኝ ይላል እንጂ ስንት ኪሎ እንደሆነ አይናገርም። ሁለተኛው፥ በጠቅላላው በሳልና በትኩሳት በመታመም ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል አስተማማኝ ልዩነት አለመታየቱ ነው። ስለዚህ ካውሊንግና ጓደኞቹ ያቀረቡት የተጠናቀቀ ፍርድ ሳይሆን በሚገባ የተጠየቀ ጥያቄ ነበር።

ቫይረስ ለቫይረስ ሲቀናቀን

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር በምን ምክንያት ሊሆን ይችላል? ምክንያቱን ለመረዳት ወደ 1957 መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በለንደን ሚል ሂል በሚገኘው የሕክምና ምርምር ተቋም አሊክ አይዛክስና ዣን ሊንደንማን የተባሉ ሁለት ሊቃውንት በሙቀት የተገደለ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ወስደው በጫጩት ሽል ሽፋን ላይ አደረጉ። ሽፋኑ ከዚህ በኋላ ሕያው ቫይረስ ቢደረግበት እንኳ የማይበገር ሆነ። ሕዋሳቱ አንድ ንጥረ ነገር አመንጭተው ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት ይህን ንጥረ ነገር ኢንተርፌሮን ብለው ሰየሙት። ኢንተርፌሮን እንደ እረኛ ጩኸት ነው። አንዱ ሕዋስ ሲጠቃ ይጮኻል፤ ጎረቤቶቹም ሰምተው በራቸውን ይዘጋሉ፤ ለጥቂት ጊዜም ማንኛውም ቫይረስ ቢመጣ በቀላሉ አይገባም።

ይህ ነገር በሕዝብ መካከልም ታይቶአል። በ2009 አዲሱ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ዓለምን ሲያዳርስ፥ በስዊድንና በፈረንሳይ ያሉ መርማሪዎች ራይኖቫይረስ በብዛት በተሰራጨበት በመከር ወራት የኢንፍሉዌንዛው መስፋፋት የዘገየ መምሰሉን አስተዋሉ። በ2019 የታተመ የግላስጎ ጥናትም ከ44 ሺህ በሚበልጡ የሕመም አጋጣሚዎች ላይ የተደረገውን የላቦራቶሪ ምርመራ አይቶ ኢንፍሉዌንዛ «ኤ» እና ራይኖቫይረስ እርስ በርስ የሚገፋፉ መሆናቸውን አሳየ። በ2020 ደግሞ በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ መርማሪዎች በላቦራቶሪ ያሳደጉትን የሰው መተንፈሻ ሕዋስ አስቀድመው ራይኖቫይረስ አስያዙት፤ ከዚያ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ሲጨመርበት ሊባዛበት አልቻለም። ምክንያቱም ያው ኢንተርፌሮን ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ የሆንግ ኮንጉ ግምት በዚህ መንገድ ይረዳል። ኢንፍሉዌንዛ የያዘው ልጅ ሰውነቱ ስለጮኸ ለጥቂት ሳምንት ከሌሎች ቫይረሶች ይጠበቃል። የተከተበው ልጅ ግን ኢንፍሉዌንዛ ስላልያዘው ያን የጥቂት ሳምንት ጥበቃ አያገኝም። ልብ እንበል፤ ይህ ግምት እውነት ቢሆን እንኳ ክትባቱ ሰውነትን አደከመ ማለት አይደለም። የሚቀረው በሽታው ራሱ ይሰጥ የነበረው ጊዜያዊ ጥበቃ ነው። ከጉንፋን ለመዳን ብሎ ኢንፍሉዌንዛን መመኘት ደግሞ አይጥ እንዳይገባ ብሎ ጎተራን ማቃጠል ይሆናል።

ከማን ጋር ሲነጻጸር?

ጥያቄው ከተጠየቀ በኋላ ሌሎች መርማሪዎች በየአገራቸው ሚዛን ይዘው ተነሡ። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ አገር የማርሽፊልድ መርማሪዎች በስድስት የኢንፍሉዌንዛ ወራት የሰበሰቡትን መዝገብ አገላብጠው በ2013 ባወጡት ጽሑፍ፥ በተከተቡትና ባልተከተቡት መካከል ሌሎች ቫይረሶችን በመያዝ ረገድ ልዩነት አለማግኘታቸውን ገለጡ።

ነገሩ እንደገና የተቀሰቀሰው በ2020 መጀመሪያ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ባልደረቦችን የ2017-18 መዝገብ የመረመረ አንድ ጽሑፍ በጠቅላላው ክትባቱ ለሌሎች ቫይረሶች እንደሚያጋልጥ ማስረጃ ባያገኝም፥ ከዝርዝሩ ውስጥ ግን የተከተቡት ሰዎች በተለመዱት የጉንፋን ኮሮናቫይረሶች የመያዛቸው ዕድል በ36 በመቶ ከፍ ያለ ይመስላል አለ። ወዲያው የኮቪድ ወረርሽኝ መጣ፤ ያችም አንዲት ቍጥር ከጽሑፉ ተነጥላ «የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ለኮቪድ ያጋልጣል» የሚል ወሬ ሆና በዓለም ዞረች። መዝገቡ የተጻፈው ኮቪድ ከመታየቱ በፊት መሆኑን ያስተዋለ ጥቂት ነበር።

በዚያው ዓመት በካናዳ የብሪትሽ ኮሎምቢያ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ባልደረባ የሆነችው ዶክተር ዳኑታ ስኮውሮንስኪና ጓደኞቿ የጽሑፉ ስሌት ከምን ላይ እንደተሰናከለ አሳዩ። ይህም ለማንኛውም የቢሮ ሠራተኛ የሚጠቅም ትምህርት ስለሆነ በምሳሌ እናስረዳው።

አንድ ሺህ የተከተቡና አንድ ሺህ ያልተከተቡ ተማሪዎች አሉ እንበል። ካልተከተቡት መካከል 80ውን ኢንፍሉዌንዛ፥ 80ውን ደግሞ ጉንፋን ያዛቸው። ከተከተቡት መካከል ኢንፍሉዌንዛ የያዘው በግማሽ ቀንሶ 40 ሆነ፤ ጉንፋን የያዛቸው ግን እንደ ሌሎቹ 80 ናቸው። አሁን በክሊኒኩ በር ቆመን የመጡትን ሕሙማን ብቻ እንቍጠር። ካልተከተቡት 160 ሕሙማን ጉንፋን የያዛቸው ግማሾቹ ናቸው። ከተከተቡት 120 ሕሙማን ግን ጉንፋን የያዛቸው ከሦስቱ ሁለቱ ናቸው። «አያችሁ፥ የተከተበው በጉንፋን ባሰበት!» ያሰኛል። እውነቱ ግን ጉንፋኑ በሁለቱም ወገን ያው 80 ነው፤ የተለወጠው የኢንፍሉዌንዛው መቀነስ ብቻ ነው። ክትባቱ ሥራውን በሠራ ቍጥር በክሊኒኩ መዝገብ ላይ ወንጀለኛ መስሎ ይታያል ማለት ነው።

ስኮውሮንስኪና ጓደኞቿ ኢንፍሉዌንዛ የያዛቸውን ሕሙማን ከንጽጽሩ አውጥተው፥ ከ2010 እስከ 2017 የተሰበሰበውን የካናዳ መዝገብ ሲያሰሉ የተከተቡት ሰዎች በኮሮናቫይረስም ሆነ በሌሎቹ የመተንፈሻ ቫይረሶች የባሰ አለመያዛቸውን አገኙ።

ይህችን ሴት «የክትባት ጠበቃ ናት» የሚል ሰው ቢኖር ሌላውን ታሪኳን ያስታውስ። በ2010 እርስዋና ጓደኞቿ ባሳተሙት ሌላ ጽሑፍ፥ በካናዳ የ2008-09ን መደበኛ ክትባት የተወጉ ሰዎች በ2009 በተነሣው አዲስ ኢንፍሉዌንዛ ታመው ሐኪም ዘንድ የመቅረብ ዕድላቸው ከ1.4 እስከ 2.5 እጥፍ ከፍ ብሎ መታየቱን ደብቀው አላስቀሩም። ክትባቱን የሚነቅፍ ሲያገኙ ጻፉት፤ ክትባቱን ነፃ የሚያወጣ ሲያገኙም ጻፉት። እምነት የሚጣልበት ሊቅ መለያው ይህ ነው።

ከኢንፍሉዌንዛ ኋላ የሚመጣው

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ጉንፋን ነው። ጉንፋን ያስነጥሳል፥ ያሰለቻል፥ ከሥራም ያስቀራል። ከኢንፍሉዌንዛ ጋር የተያያዘው ትልቁ አደጋ ግን የሳንባ ምች ነው።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያጠቃውን የኅዳር በሽታ አያቶቻችን በፍርሃት ሲያነሡት ኖረዋል። በዓለም ሁሉ የተዛመተው የ1918 ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ወደ 10 ሺህ እንደሚጠጋ ይገመታል፤ ራስ ተፈሪም በበሽታው ታመው ከሞት ከተረፉት መካከል ነበሩ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድም ከዚያ መዓት ጋር ተያይዞ ይነገራል።

ያን ሁሉ ሕዝብ የጨረሰው ምን ነበር? ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር በ1892 ከሕሙማን አክታ አንድ ባክቴሪያ አግኝቶ የኢንፍሉዌንዛ አባት ይህ ነው ብሎ ነበር። እውነተኛውን የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በለንደን ስሚዝ፥ አንድሩስና ሌይድሎ የተባሉት ሊቃውንት በ1933 ሲያገኙት ግን የፋይፈር ባክቴሪያ ሌባው ራሱ ሳይሆን ሌባው በከፈተው በር ተከትሎ የሚገባ መሆኑ ታወቀ። ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ የሚለው ስሙ ግን ያለ ሥራው እስከ ዛሬ ተጣብቆበት ቀርቶአል።

በ2008 ሞረንስ፥ ታውበንበርገርና ፋውቺ የተባሉ አሜሪካውያን ሊቃውንት ከዚያ ወረርሽኝ ዘመን የተጠበቀውን የ58 ሟቾች የሳንባ ናሙና በአጕሊ መነጽር መረመሩ። በሁሉም ላይ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ምልክት አገኙ። ቫይረሱ የሳንባን ቅጥር አፈረሰ፤ ኒሞኮከስና መሰሎቹ ባክቴሪያዎች በፈረሰው ቅጥር ገብተው ገደሉ።

እንግዲህ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሌሎች በሽታዎች ላይ ያለው ሥራ በዋናነት መፈለግ ያለበት ከዚህ ላይ ነው። በደቡብ አፍሪካ በሶዌቶ ሻቢር ማዲና ጓደኞቹ በ2011 እና በ2012 ነፍሰ ጡሮችን በዕጣ ለይተው ግማሾቹን የኢንፍሉዌንዛ ክትባት፥ ግማሾቹን ተራ መርፌ ወጉ። በ2017 በታተመው ስሌት፥ ከተከተቡት እናቶች የተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በማናቸውም ምክንያት በሚመጣ ብርቱ የሳንባ በሽታ ሆስፒታል መግባታቸው ከግማሽ በላይ ቀንሶ ተገኘ። «በማናቸውም ምክንያት» የሚለው ቃል ይሰመርበት። የመጀመሪያው በር በመዘጋቱ ከኋላ የሚመጡትም መግቢያ አጡ ማለት ነው።

የዚህ ተገላቢጦሽም እውነት ነው። በዚያው አገር በ2004 የታተመ ሌላ ምርመራ፥ የኒሞኮከስን ባክቴሪያ የሚከላከል ክትባት ለሕፃናት ሲሰጥ፥ ቫይረስ የተገኘባቸው የሳንባ ምች ሕሙማን እንኳ ሆስፒታል መግባታቸው በ31 በመቶ መቀነሱን አሳይቶአል። ቫይረስና ባክቴሪያ ተደጋግፈው ስለሚመጡ፥ አንዱን የመታ ሌላውንም ያዳክማል።

ይህ ለአገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢትዮጵያ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት በሕፃናት መደበኛ የክትባት ፕሮግራም ውስጥ አልገባም፤ የቫይረሱን ዓይነት በተመረጡ ጤና ተቋሞች መከታተል ግን በ2008 ተጀምሮአል። ከኋላ ለሚመጡት ባክቴሪያዎች ደግሞ በር መዝጋት ተጀምሮአል። ያ ስሙን በስሕተት ያገኘው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜ አምስት በሽታዎችን በአንድነት በሚከላከለው ክትባት ውስጥ ገብቶ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የኒሞኮከስም ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ለሕፃናት ይሰጣል። እንግዲህ ሕፃን ልጇን ለዚህ ክትባት ወደ ጤና ጣቢያ የወሰደች እናት፥ ልጇን ኢንፍሉዌንዛ ቢይዘው እንኳ ከኋላው የሚከተለውን ሞት አስቀድማ እየተከላከለች ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንይዘው ቁም ነገር አጭር ነው። የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከጉንፋን አያድንም፤ ያድናል ብሎ የሚሰብክም ሰው ነገ ሕዝቡ እምነት እንዲያጣ ያደርጋል። ለሌሎች ቫይረሶች ያጋልጣል የሚለው ሥጋት ከእውነተኛ ምርመራ የተነሣ ነበር፤ በሰፋ ሚዛን ሲመዘን ግን አልጸናም። ከሁሉ የከበደው የሳንባ ምች ነው፤ በዚህ ረገድ ደግሞ ማስረጃው ወደ ጥቅም ያደላል።

ወጣቱ ሹም አንድ ቀን በጠረጴዛው ላይ «ክትባቱ እንዲህ አደረገ» የሚል ወረቀት ይቀርብለታል። ያን ጊዜ ከመፍረዱም ከመሳቁም በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ ስንት ሰው ተመረመረ? ከማን ጋር ተነጻጸረ? ከመዝገቡ ውጭ የቀረውስ ማን ነው? የእነዚህን መልስ ሳያገኝ ፊርማውን አያኑር፤ በፊርማው የሚገባ ወይም የሚቀር መርፌ የብዙ ሕፃናት ሕይወት ነውና።